ሰባተኛው ጥያቄ

ዳግማራ ትባላለች፤ ከሪጋ ነው የመጣች።
መኪናዋን ከጭቃው አፋፍ አቁማ፣ ቀሪውን በእግሯ ረገጠች።
አንድ እጇ ቅጽ ይዟል፣ አንድ እጇ ቴርሞሜትር፤
ሽመላው ጎጆ ከሠራበት ምሰሶ ሥር
ቆማ ተጣራች፦ «ጠማቂዋ የት አለች?»

ሚርድዛ እጅጌዋን እንደጠቀለለች፣
ብቅል የለበሰ መዳፏን በሽርጧ እያበሰች፣
«አለሁ» አለች።
እጅ ግን አልሰጠችም። እሳት ላይ ድንጋይ ነበራት።

ድንጋዩ ሲግል፣ ፍም እስኪመስል ቀልቶ፣
በረጅም መቆንጠጫ ከምድጃው ተነሥቶ
ከገንዳው ሲገባ
ውኃው ጮኸ፤ ጓዳው ሁሉ እንፋሎት ሆነ።
የዳግማራ መነጽር ታወረ።
ማየት ስታቆም ነው ያሸተተችው፦
የተቆላ ገብስ፣ እርጥብ ጥድ፣
ከዳቦ ቅርፊት ሥር ያለ ማር የመሰለ ነገር፣
ልጅ ሳለች የምታውቀው፣ ስሙ የጠፋባት።

ቅጹ ግን መጠየቁን አልተወም።

«የብቅሉ ምንጭ?»
«ከወንዙ ማዶ፣ የዶናትስ ማሳ። በትከሻው ነው የሚያመጣው፤
ትራክተሩ ከሞተ ሁለት ክረምት አለፈው።»

«የሠራተኛ ብዛት?»
«እኔና ድመቷ። ልጆቼ አየርላንድ እንጉዳይ ይለቅማሉ።»

«ብቅሉ ሲጨመር የውኃው ሙቀት፣ በዲግሪ?»
«እንፋሎቱ ገለጥ ሲል ጎንበስ ብዬ አያለሁ።
የፊቴን መጨማደድ መቁጠር ስችል፣ ያኔ ነው።»
ዳግማራ ቴርሞሜትሯን ነከረች፤
አነበበች፤ ምንም ሳትል ጻፈች።

«የአልኮሉ መጠን፣ በመቶ?»
«እሱን ባሌ ኦያርስ ነበር የሚያውቀው።
በሁለት ኩባያ የልጆቹን ስም ይጠራል፣
በሦስት የላሞቹን፣
በአራት የሞቱትን።
አሁን አራተኛ አልቀዳም።»

ሳቅ አመለጣት፣ ልጅቱን። ወዲያው ዋጠችው።
«ሰባተኛ፦ የእርሾው ዓይነትና የአምራቹ ስም።»

ሚርድዛ መልስ አልሰጠችም።
ወጣች። ከጉድጓዱ አፍ ላይ ክዳኑን ገፋ አድርጋ
ገመድ ትስብ ጀመር፣ እጅ በእጅ፣ ሳትቸኩል።
ጠርሙስ ወጣ፤ አንገቱ በጨርቅ የታሰረ፣
ከሥሩ አመድማ ነገር ያንቀላፋበት።

«ያን የመጋቢት ሌት፣ መኪኖቹ ሲመጡ፣
ለጓዝ መጠቅለያ አንድ ሰዓት ሲሰጡ፣
ጎረቤቱ ሁሉ ዱቄት ሲሸክፍ፣
ብርድ ልብስ ሲያጥፍ፣ መጥረቢያ ሲያቅፍ፣
እናቴ ሊዮንቲኔ ጠርሙስ በገመድ አስራ
ከጉድጓዱ ወገብ አወረደች ሰውራ።
ስድስት ዓመቴ ነው፤ ቆሜ አያታለሁ፤
ባቡሩን ረሳሁት፣ ገመዱን አስታውሳለሁ።
የጎረቤቷ ቴክላ፣ በየመከሩ ወቅት፣
በስውር ጠመቀች፣ እርሾው እንዳይሞት።
በስምንት ዓመታችን ሁለት ሆነን መጣን፤
አባቴን ከሐዲድ ዳር፣ ከበረዶ ትተን።
ቤታችን የሌላ ነው፣ በሩም ተለውጧል፤
ገመዱን ስንስበው፣ ጠርሙሱ ይመጣል።»

ሽመላው ምንቃሩን አንቀጫቀጨ። ሌላ የተናገረ የለም።

ኩባያ ቀዳችላት፤ «መኪና እነዳለሁ» አለች ዳግማራ።
እንዲያ ብላ ከንፈሯን አስነካችው፤
ከዚያ ትንሽ ዋጠች። ከዚያ ደግሞ ትንሽ።
ብዕሯን ከፈተች።
«ሊዮንቲኔ… እንዴት ነው የሚጻፈው?»

ሚርድዛ ገበታው ላይ፣ በፈሰሰው የብቅል ዱቄት፣
በሌባ ጣቷ ፊደል በፊደል ጻፈችላት።
ስትጨርስ በመዳፏ ጠረገችው፤
ዱቄቱን አላባከነችም፣ ወደ ገንዳው መለሰችው።

ቅጹ ወደ ሪጋ ሄዷል። መልሱ አልመጣም።
ያኒ ሊገባ ዘጠኝ ቀን ቀርቷል፣
ሌሊቱ አጥሮ፣ ምሽትና ንጋት ሊጨባበጡ ሲደርሱ፤
ዶናትስም አጥሩን ተደግፎ
«ፈቀዱልሽ?» ይላል በየማለዳው።

እሷ በርሜሉ ላይ ጆሮዋን ለጥፋለች።
«ዝም በል» ትለዋለች፣ «እያወራ ነው።»